አንቀጽ ስድስት

ጠባሴ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ለምሥራቅ፣
ኪራዩ የሚቻል፣ ከባጃጅ የማይርቅ፤
ፈርሜ ገባሁና ጫማዬን አውልቄ
ካልሲዬ ሲረጥብ ቆምኩኝ ተሳቅቄ።

ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከበር እስከ መስኮት፣
ቀይ ነበር ይባላል፤ አሁን ግን እንደ ጉበት፣
ሦስት ቀን እንዳደረ፣ የጠቆረ ምንጣፍ፣
በማስቲሽ ተጣብቆ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ውሉን ዘርግቼ አየሁ። አንቀጽ ስድስት ይላል፦
«ተከራይ ምንጣፉን ቢያነሳ ይጠየቃል።»
ፊርማዬ ከግርጌው፣ ሁለት ምስክሩ።
ሳያነብ የፈረመው እኔ ነኝ፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው፣
የሰው ቁጥር ሳነብ የምውል በየበሩ።

«ምን ጣፍኩ?» ብዬ ብጮህ በዚያ ባዶ ቤት
የመጨረሻዋን ፊደል ምንጣፉ ዋጣት፤
«ምን ጣፍ» ብቻ ቀረ፣ ስሙን እንደ መጥራት።

ሲውል ሲያድር ካርታው ገባኝ። በመስኮቱ በኩል የካውያ ቃጠሎ፣
ሦስት ማዕዘን፣ ጥቁር፤ አንዱ ስልክ ሊያነሳ ሄዶ ይሆናል ቸኩሎ።
አልጋው ሥር የዘይት ሐይቅ። በሩ አጠገብ ደግሞ
የማን እንደሆነች የማላውቃት ድመት፣ ጠረኗ ብቻ ቀርቶ፣ ታትሞ።
ጨው ነሰነስኩበት፣ ኮምጣጤ ረጨሁ፣
በጠረግሁት ቁጥር አቧራ ሲወልድ አየሁ፤
ሌሊት ሌሊት ሳል ነው፤ ጎረቤቴ ላቀው
ግድግዳ ይመታል፣ እንቅልፍ ሲናፍቀው።

ለእትዬ በለጥሻቸው ነገርኳቸው ሄጄ።
«ምነው!» አሉ፣ «ምን በደለህ ልጄ?
ከመርካቶ ድረስ በአይሱዙ አስጭኜ፣
ደረጃውን ያወጣሁት ከሦስት ወጠምሻ ጋር ሆኜ!
አንተ የሸዋ ሮቢት ልጅ፣ የሞቃት አገር ሰው፣
የደብረ ብርሃንን ኅዳር ገና ነህ፣ አልቀመስከው።»

እውነት ነው። እኛ ቤት ወለል ማለት
ውሃ ረጭተው፣ ጀርባ ዘርግተው የሚተኙበት፤
የሚነጠፍ ቢኖር ሰሌን ነው፣ ሲነጋ ተጠቅልሎ
ለሰው ቦታ ለቆ የሚውል፣ ጥግ ይዞ፣ ተከልሎ።
ይኼ ግን ሥር ሰድዷል።

ቅዳሜ ዕለት ከላቀው ካተር ተበድሬ
(እሱ ደስታውን አልደበቀም) ከበሩ ጥግ ጀምሬ
ላጥኩት። እንደ ፕላስተር እየጮኸ፣ ጠጉሩ እየተነቀለ፣
እስከ መስኮቱ ሥር ድረስ ተጠቀለለ።
ከሥሩ ሲሚንቶ፤ ሲሚንቶው ላይ የግንበኛ ሒሳብ፣
በእርሳስ፦ ዘጠኝ ኩንታል፣ ሰባት፣ አራት። ልማዴ ነው ማንበብ፣
ደመርኩት። ከጻፈው ድምር ሁለት ኩንታል ጎድሏል።
የት እንደጎደለ ወለሉ ራሱ ይናገራል፦
ከጥግ እስከ ጥግ የሮጠ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ።
ለካስ ይኼ ሁሉ ጠጉር እሱን ሊደብቅ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ውርጩ መጣ። በበር አልመጣም፣
በስንጥቁ ነው፤ አያንኳኳም፣ ቢሉትም አይወጣም።
ስንጥቁን በዚያው በመጀመሪያው ቀን ካልሲ ጠቀጠቅሁት፣
አልበቃውም። ጋቢ ደረብኩ፣ ጉልበቴን አገጬ ሥር አመጣሁት፣
በመጨረሻ ተነሳሁ፤ ያን የጠላሁትን በጨለማ ጎትቼ
ወደ አልጋዬ መለስኩት፣ ግማሹን ዘርግቼ።
እንዲህ ተካፈልነው፦ በመስኮቱ በኩል ለእሱ፣
በበሩ በኩል ለእኔ። ሳሉም ግማሽ ሆነ፣ ብርዱም ግማሽ፤
ላቀውም ግድግዳውን በአንድ እጁ ብቻ ይመታል መሰለኝ።

የወሩ መጨረሻ። ኪራይ ሊቀበሉ መጡ እትዬ በለጥሻቸው።
ወለሉን አላዩም፤ ብቻ ቀኝ እግራቸው
ስንጥቁ ጋ ሲደርስ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ እያለ፣ ሰፋ አድርጎ ተሻገረው።
ቀድሞ የሚያውቀው እግር ነው።
ብሩን ሁለቴ ቆጥረው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩ።
«ይበርዳል አይደል?» አሉ።
«ይበርዳል» አልኳቸው።
እሳቸው አንቀጽ ስድስትን አላነሱም፤
እኔም የቀረውን ግማሽ አላነሳሁም።