ከፍርግርጉ ጀርባ

ሰባቱን ብሎን ፈታሁ፤ ስምንተኛው እንቢ አለ።
ላምባ አጠጥቼው አደረ፤
ጠዋት በመፍቻ ስነካው እንደ ሽማግሌ ጉልበት
ቀጭ ብሎ ተሰበረ።
የአባቴ ፔጆ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ጥርሱን ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣
ከሰርፓ ፀሐይ ፊት በርጩማ ስቤ ተቀምጬ፣
በሆምጣጤ፣ በሳሙና፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ
በየዘንጉ መሐል ገብቼ ስፈትሽ፣
ምን ያልነበረ አለ!
የአንበጣ ክንፍ፣ የስንዴ ገለባ፣
ንብ፣ ደርቃ የቀረች ከነሸክሟ፣ ከነአበባዋ፣
አንዲት የእሳት ራት ደግሞ፣ ስነካት ዱቄት የሆነች፣
ወደዚህ መኪና መብራት በርራ የሞተች።

አባቴ በሌሊት አይነዳም።
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቁልፉን ሚስማር ላይ ይሰቅላል፤
«ዓይኔ አያይልኝም» ይላል፣
በኩራዝ ብርሃን ጥቁር ክር በመርፌ የሚያሾልክ ልብስ ሰፊ!
የጓዲያና ድልድይ ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን ያወልቃል።
እናቴ ዴኦሊንዳ በመስኮት የወይራውን ዛፍ ትቆጥራለች።
እኔ ከኋላ ወንበር፣
ለወንዙ ሰላምታ እየሰጠ ይመስለኝ ነበር።

ገለበጥኩት።
ከፊቱ ክሮሙ እንደ ኩሬ ነው፣ ደመና ያሳያል፤
ከጀርባው ግን፣ በግራ፣ ከሦስተኛው ዘንግ እስከ ስድስተኛው
ቢጫ የነሐስ ስፌት እንደ ጠባሳ ተጠማዞ ያልፋል።
ተሰብሮ ነበር። ተበይዷል።
በጥንቃቄ፣ ምናልባትም በሌሊት፣
ፊቱ እንዳይናገርበት።

ለመስትሬ ቪርጂሊዮ ወሰድኩለት። ዘጠና ሁለት ዓመቱ ነው።
እንደ ዓይነ ስውር ጣቱን በስፌቱ ላይ አስኬደው።
«የኔ እጅ ነው» አለ።
«ምን መትቶ ነው?»
ዝም። ምላሱን ጥርሱ ላይ አዞረ።
«አባትሽ ነሐስ ጠየቀኝ፤ ነሐስ ሰጠሁት።»
ከዚያ ስለ ዝናብ አወራን፤ ዘንድሮም እንደቀረ።

ልጅ ሳለሁ፣ ካህኑ ከእንጨቱ ፍርግርግ ጀርባ ኑዛዜ ሲሰማ፣
አባቴ ተንበርክኮ ይቆያል፣
ይቆያል፣
ከንፈሩ ሳይላወስ ተነሥቶ ይሄዳል።
ለካ የሱ ፍርግርግ ሌላ ኖሯል፤
ካህኑም እኔው፣ አርባ ዓመት ዘግይቼ፣
በላስቲክ ጓንት፣ እጄ ሆምጣጤ ሆምጣጤ እየሸተተ።

ማጥፋት ይቻል ነበር።
ነሐሱን በሞረድ ልጎ፣ ኒኬል ነክሮ፣ ክሮም ደርቦ
አዲስ የሚያደርግ ሰው ቤጃ ከተማ አለ፤
ዋጋውንም ጠይቄያለሁ።
አልወሰድኩትም።
ከፊቱ ሰሙን ቀባሁ፣ እስኪያበራ በጨርቅ ፈተግሁ፤
ወርቁን ከጀርባው ተውኩት።

ሰባቱን ብሎን መለስኩ። የስምንተኛው ቀዳዳ ክፍት ነው።
ስነዳው ነፋስ ይገባበትና ትንሽ ያፏጫል፤
በተለይ ድልድዩ ላይ።