መሐል ወንበር

ከሠላሳ አምስት ልጅ አሥራ ስምንተኛ፣
ተሸላሚ አይደለሁ፣ አይደለሁ ጥፋተኛ፤
አሥራ ሰባት ከፊት፣ አሥራ ሰባት ከኋላ፣
እንደ ሚዛን ምላስ ወደ የትም ሳላደላ፣
ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ አራተኛው ረድፍ ላይ፣
ስጠየቅ ደብተሬን፣ ሳልጠየቅ ባሕሩን ሳይ።

መሐል ሰፋሪን ማንም አይጠላውም፤
ስሙን ብትጠይቅ ግን ማንም አያውቀውም።

በመጨረሻው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣
አስተማሪ ኩማጋይ ወረቀቴን ገልጠው፣
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣
«ቺዙሩ፣ ውጤትሽ አርባ ስምንት ነው፤
ለቶኪዮዎቹ አሥር ነጥብ ይቀርሻል፤
ለዚህኛው ግን ይበቃሻል»
ብለው አንድ ቀጭን ጥራዝ ገፉልን።
እናቴ አጠገቤ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣
እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ፤
ሌሊቱን ፋብሪካ ስታሽግ ያደረችው ዓሣ
ሽታው ከጥፍሯ ገና አልወጣም።

«የበሬ ጭራ ከመሆን የዶሮ አፍ መሆን ይሻላል» አሉ፣
ያገራችንን ተረት እንደ መድኃኒት ጠብታ እየለኩ።
እኔ ግን በልቤ፦
ጭራም አይደለሁም፣ አፍም አይደለሁም፤
የጎን አጥንት ነኝ፣ የሚቆጥረኝ የለም፣
ካልተሰበርኩ በቀር።

ጥራዙን ማታ ገለጥነው።
ሽፋኑ ላይ የሚስቁት አምስት ተማሪዎች
ገጽ ስድስት ላይ ሩዝ ይበላሉ፣
ገጽ አሥር ላይ ነጭ ጋዋን ለብሰው ብልቃጥ ያያሉ፣
ገጽ አሥራ አራት ላይ፣ አሁንም እነሱው፣ ኳስ ይጫወታሉ።
«ሌላ ተማሪ የላቸውም እንዴ?» አለች እናቴ።
ሳቅን፣ ሳቅን፣
የክፍያው ገጽ ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ታኪጉቺ፣
«የት ነው ደግሞ እሱ?» አሉ፤
«የከፈለን ሁሉ ያስገባል ይባላል፤
ልጅ ጠፍቶ፣ ዘንድሮ ባይሆን ከርሞ በሩ ይዘጋል።»
እናቴ መልስ አልሰጠችም።
ሌሊት ግን፣ በስሱ ግድግዳ፣
ስትደምር ሰማኋት፣ ስትቀንስ፣ እንደገና ስትደምር፣
ቁጥሩ እንደ ሕፃን አልተኛ ብሏት።

ለጉብኝቱ ቀን ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር ይዤ ሄድኩ፣ ብቻዬን።
በር ላይ አንድ ሽማግሌ፣
የጎማ ቦት ጫማ አድርገው፣ ባልዲ ተሸክመው።
የጽዳት ሠራተኛ መስለውኝ
«ፕሮፌሰር ኦኖዴራን የት አገኛቸዋለሁ?» ብላቸው
ባልዲውን አስቀመጡ። ውስጡ የባሕር ሣር።
ውጤቴን አልጠየቁኝም።
«ከክፍልሽ ባሕሩ ይታያል?»
«ይታያል።»
«ምን ታዘብሽ?»
ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።
«ከቀትር በኋላ ከደሴቱ ወዲህ ያለው ውሃ ይጠቁራል፤
በዝናብ ማግሥት ግን አይጠቁርም።»
«ለምን?»
«አላውቅም።»
«እኔም አላውቅም» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

መረጥኩት ልበል?
«ሌላ የት ትገቢ ነበር?» ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም፤
አንድ በር ብቻ ሲከፈት መግባት ምርጫ ነው ወይ?
ብቻ ፎርሙን ስሞላ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ሚያዝያ። የመጀመሪያው ክፍል።
ዘጠኝ ወንበር፣ በክብ፣ የሳቸውን ጨምሮ።
አራተኛ ረድፍ የለ፣ መስኮት ዳር የለ፣
አንገቴን የምደፋበት የሰው ጀርባ የለ።
ትንሽ ነውና ይሸሽገኛል ብዬ ነበር።
«ቺዙሩ» አሉ፣ ወረቀት ሳያዩ፣
«አንቺስ ምን ይመስልሻል?»
ጠበቁ።
የማሞቂያው ቱቦ ተንኳኳ።
አሁንም ጠበቁ።
አፌን ከፈትኩ፤
ተሳሳትኩ፤
ስምንት ሰው ሰማኝ።