ባሩድን አባትህ ማነው ቢሉት

መስከረም ሲጠባ፣ ጦሳ ጉሙን ሲያወልቅ፣
የጓዳዬ ግድግዳ ይጀምራል ነጭ ላብ ማፍለቅ።
በቢላ ፍቄ አነሣዋለሁ፤
ኖራ ገዝቼ እቀባዋለሁ፤
ጥቅምት አጋማሽ ላይ ያው አገኘዋለሁ፣
እንደ አዲስ ጥርስ ብቅ ብሎ፣
ኖራውን ገፍቶ፣ ነቅሎ።

"እርጥበት ነው" አለኝ ቀለም ቀቢው ታምሬ፤
"ሲሚንቶ ካልለጠፍሽ፣ ነገም ያው ነው እንደዛሬ።"

አያ ሙሄ መጡ፣ ከበላዬ ያሉት ጎረቤት።
በጣታቸው ጫፍ ነክተው ምላሳቸው ላይ አኖሩት፤
ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩበት።
"ይቀዘቅዛል" አሉ። "ቅመሽው፤ አይደለም እንደ አፋር ጨው፤
ይኼ መጀመሪያ በረዶ ነው፣ ኋላ ነው የሚመረው፤
ሙቀቱን ለእሳት ብቻ ነው የሚነግረው።"

ከምድጃዬ ፍም ላይ ቆንጥረው በተኑት፤
ተንጣጣ፤ ወይን ጠጅ ብልጭታ ዘለለ ከእሳት።
ድመቴ ሸሸች።
እኔም አንድ እርምጃ።
"ይኼውልሽ የባሩድ ጨው፤
ከጎኑ ክብሪት ስትጭሪ የኖርሽው።"

ይህ ጓዳ ጋጣ ነበር፣ አሥራ አራት በቅሎ የሚያድርበት፣
ሲራራ ነጋዴ ከቆላ ጭኖ የሚያርፍበት።
ሽንቱ፣ ፋንድያው፣ አመዱ፣ የረገጡት ጭቃ
ተኝቶ ተኝቶ፣ ስንት ክረምት ጠጥቶ፣ አንድ ቀን ነቃ።

የአያ ሙሄ አያት፣ ይማም፣ ባሩድ ሠሪ ነበሩ፤
የሰው ጋጣ አፈር እየለመኑ ነው የኖሩ።
አዝዋ ገደል ወርደው ከሌሊት ወፍ ዋሻ፣
ወይ ከፈረሰ በረት፣ ወይ ካረጀ ቆሻሻ፣
አፈሩን በአቁማዳ፣
ውሃውን በእንስራ፣ የወይራ አመድ በገንዳ፤
በሣር ላይ ማጥለል፣ ጠብ... ጠብ... እንደ ጠላ፤
መቀቀል፣ አረፋውን መግፈፍ፣ ኋላ
በጨለማ ማሳደር። ሲነጋ ድስቱ
ነጭ መርፌ አብቅሎ ያድራል፣ ከነስለቱ።

ሚስታቸው ዘሀባ ሸሸች አንድ ሰሞን፣
"ሽንት ከሚቀቅል ሰው አልተኛም" ብላ፣ ትታ ቤቷን።
ከናቷ ደጅ ሳለች፣ ለሠርግ ጠመንጃ ተተኮሰ፤
"የሱ ነው" አለች፣ በድምፁ አውቃ፤ ሆዷ ተላወሰ።
ማታውን ተመለሰች።

ከሰሉ ከጎረቤት፣ ድኙ ከአፋር ምድር፤
ሦስቱ ሲገናኙ ነው ነገር የሚከር።
ባሩድን አባትህ ማነው ቢሉት
"ከሰል አጎቴ ነው" ይላል፤ ያፍራል ለመጥራት
ያንን ሽንት፣ ያንን ፋንድያ፣
ያንን የይማምን አቁማዳ፣ የዘሀባን ኩርፊያ።
አመሉ የበቅሎ ነው። እሷም መካን ናት፤
ይኼን ብቻ ወለደች፤
ከሞተች ሰባ ዓመቷ፣ ግድግዳዬ ሥር ግን ዛሬም አራስ ናት።

አያ ሙሄ ራሳቸው ጠመንጃ ነክተው አያውቁም፤
ኮምቦልቻ፣ ሥጋ ፋብሪካ፣ ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉም
በሚዛን ሰፈሩት፣ በጣሳ ለሚታሸግ፤
ሥጋው ሞቶ ሳለ እንዲቀላ፣ እንደ ሙሽራ ወግ።
"ያው እሱ ነው" አሉኝ። "አያቴ ለመተኮስ፣
እኔ እንዳይበላሽ፣ ገበሬው ለእርሻው፣ እህል እስኪደርስ፤
ጨዉ ምን ቸገረው? ከጠራው ቤት መድረስ።"

ስለዚያኛው ጥቅምት አላወራንም።
የሆጤ መስኮት ሁሉ በአንድ ሌሊት የረገፈበትን፣
መጋረጃዬን አራት ጊዜ አጥቤ ሽታው ያልለቀቀበትን።
አያ ሙሄ ግድግዳውን ዳበሱ፤ ጥይት የነደለውን፣
በጭቃ የደፈንኩትን።
"እዚህም በቅሏል" አሉ።
ሌላ ምንም አላሉ።

ቅዳሜ ታምሬ ሲሚንቶ ተሸክሞ መጣ፤
ሻይ አጠጣሁትና መለስኩት፣ ሳይቆጣ።
የፋቅሁትን አሁን በጣሳ አጠራቅማለሁ፤
በባልዲ ውሃ አቅጥኜ ከጌሾዬ ሥር አፈስሳለሁ፤
ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፤ ከበዛ ያነደዋል፣ ያለ ጭስ።
ዘንድሮ ቅጠሉ ጠቁሮ አጥሩን አልፏል፣ ከአያ ሙሄ መስኮት ሊደርስ።

ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ያዩትና፣
"ስንተኛዋ በቅሎ ናት?" ይሉኛል።
"ሦስተኛዋ" እላለሁ፤ "አሥራ አንድ ይቀሩኛል ገና።"