ገበር

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ በሁለት ፎቶ ቤት መሐል፣
ሱቄ አለች፤ ካባ ታከራያለች፤ ዘውድም በሰዓት ይገኛል።
ዘውዱ ቆርቆሮ ነው፣ ቅቡን አልደብቅም፤
ዝናብ ካገኘው ግን እኔ አልጠየቅም።

ሙሽራው ይርዳው ነው፣ የአዘዞን መንገድ በባጃጅ የሚያመላልስ፤
ዕቁቡን አስቀድሞ በላ፣ ለአንድ ቀን ወርቅ ለመልበስ።
ካባዬን ተከትዬ ሄድኩ። ሰው አላምንም፤ ጭራው ይጎተታል።

ፋሲል ግንብ ስንደርስ ሰልፍ ነው፤ ሰባት ሙሽራ ይጠብቃል፤
አንዱ ከደረጃው ሲወርድ፣ ሌላው በዚያው ይነግሣል።
ድሮኑ እንደ ጭልፊት ዞረ፤ እርግቦቹ ተበተኑ፤
«ሳቁ!» ይላል የካሜራው ልጅ። ሳቁ። «አሁን ደግሞ እዘኑ።»
የግንቡ ጫፍ ከፍሬሙ ወጣ፤ ስልክ ቆሞ ነው የሚቀርጸው፤
አራት መቶ ዓመት የኖረ ድንጋይ፣ ለጀርባ ነው የሚፈለገው።

ከደምቢያ የመጡት አባቷ፣ አያ ቢያድግልኝ፣ ጋቢያቸው አፈር የመሰለ፣
«ትንሽ ወደ ዳር፣ አባባ፤ ከለሩን ይገድላል» ተባለ።
ጉልበት መሳም ሲደርስ ግን ተጠሩ፤
የሻረግ ተንበረከከች፤ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።
«ልጄ…» አሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ለመስማት
ነፋሱም የቆመ መሰለኝ፣ በጽዱ ጫፍ፣ ለቅጽበት።

«ጥላ ገባብን» አለ ልጁ። «አባባ፣ ምርቃቱን እንደገና።»
ተንበረከከች እንደገና። ሦስተኛም፣ ሜካፗ ወርዷል ተባለና።

በሦስተኛው ዝም አሉ። እጃቸውን አዩት፣ እንደ ተራገፈ ቁና።
«ያለኝን ሰጥቻት የለም እንዴ? ምርቃት ይደገማል?»

«ድምፁ ግድ የለም፣ ሙዚቃ ይገባበታል። ከንፈርዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ።»

አንቀሳቀሱ።

ማታ ካባው ተመለሰ፤ ቪዲዮው ቀድሞት ደርሷል።
አሥራ አንድ ሺህ ሰው ወደደው፤ አንድ እንኳ የለም «ምን አሉ?»
እኔም ከሥሩ ጻፍኩበት፦ «ካባው የኛ ነው፤ ይደውሉ።»

ከዚያ ገልብጬ ዘረጋሁት።
በፊቱ ወርቁ እንዳለ ነው፤ በጀርባው የሁለት ጉልበት አሻራ፣
ላብ፣ የግንቡ አፈር፣ የረገፈ ኩል፣ አንድ ላይ የተቦካ ጭቃ።
ድሮ ለነገሠ ነበር፣ በዚህ ግንብ ሥር የሚገበር፤
ዛሬ የነገሠው ገበረ፤ ካባው ወርቅ፣ ሰውየው ገበር።

በኦሞ አሸሁት፣ እጄ እስኪላጥ። ነገ እሑድ ነው፤
ለአራት ሰዓት ሌላ ንጉሥ ቀብድ ከፍሎ ይዞታል።
የይርዳው ላብ ለቀቀ። የጉልበቷ ግን አልለቀቀም።
ተውኩት።
በዚያ በኩል ማንም ፎቶ አያነሣም።