ያመለጣት መስታወት

እኔ ትንፋሽ ሻጭ ነኝ፣ በሴገድ ከተማ፣
ከቲሳ ወንዝ ዳር፣ ከምድር ቤት ጨለማ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት እሳት ፊት ቆሜ፣
ብርጭቆ የነፋሁ፣ ጉንጬን አሳምሜ።

ደንበኞቼ ብዙ። ፈተናዬ ግን ኤመሼ ነበረች፣
«አንገቱ ወፈረ» ብላ፣ ባንድ ቀን አሥራ አንድ ጠርሙስ የመለሰች።
ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ዘንግ ታዘኛለች፤
ከጫፉ ላይ፣ ከጨው ቅንጣት ያነሰች
አንዲት ክሪስታል በሙጫ ታጣብቅና
በራጅ ታያታለች፣ ቀንም ሌትም፣ እንደገና።

ሥራዋን ለጠየቀኝ፣ ይህ ነበር የኔ መልስ፦
አንድ ቀን መቀመም፣ አንድ ክረምት መጠበቅ፣ በለሆሳስ።
ኮባልቱን ታሟሟለች፣ ጨው ትጨምራለች፣ ታጣራለች፤
አፉን በወረቀት ሸፍና፣ በመርፌ ሦስት ቀዳዳ ትበሳለች፤
ውሃው በዚያች በኩል፣ ለራሱም ሳይታወቀው፣ ይውጣ፤
ከቸኮለ ዱቄት ሊሆን፣ ካዘገመ ዕንቁ ይዞ ሊመጣ።

አርባ ሦስት ጠርሙስ ከሸፈ፦ አንዱ ጭቃ መስሎ ቀረ፣
አንዱ ሻገተ፣ አንዱን ድመቴ ደፋው፣ አንዱ ያለ ምክንያት ተሰበረ።
በያንዳንዱ ላይ ግን፣ በሰማያዊ እርሳስ፣ ቀኑን ትጽፋለች፤
«የሞተውን ያልቆጠረ፣ የተወለደውን አያውቅም» ትላለች።

ትራሙ ፎቋን እየነቀነቀ ቢያስቸግራት፣
ከደረጃዬ ሥር፣ አሸዋ ሳጥን ላይ፣ ለጠርሙሶቿ ቦታ ለቀቅኩላት።
«እንደ ሕፃን ናቸው» አለችኝ፣ «ኮቴ ይቀሰቅሳቸዋል።»
ያን ክረምት ማፏጨት ተውኩ፤ ለካስ ዝምታም ይለመዳል።

በየካቲት፣ በረዶው መስኮቴን ሲሸፍነው፣
ከአንዱ ጠርሙስ ሥር የወይን ጠጅ ቀለም ያለው
ስለት ታየ። ጠራኋት። በካልሲዋ ወርዳ
ጎንበስ አለች፣ ትንፋሿን ውጣ፣ እንደ ሌባ፣ እንደ እንግዳ።

ከዚያ ፊልሙ፤ ከዚያ ነጥቡ፤ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት፤
የደመቀውን ከደበዘዘው፣ በዓይኗ ብቻ መዝና ለየችበት።
ስሌቱ በካርድ ተበስቶ፣ የሚስቴን የጫማ ካርቶን ሞልቶ፣
ቡዳፔስት ደረሰ በሌሊት ባቡር፣ ጭኗ ላይ ተኝቶ።

የመጣው መልስ፦ ኮባልቱ መሃል፣ ክንዶቹ በግራና በቀኝ፤
ግራው ግን ረዘም ይላል። ስም ወጣለት፦ ግራኝ።
በግራኝ ሜዳሊያ አገኘች፤ በግራኝ ሦስት ሰው ዶክተር ሆነ፤
አናጢ በእንጨት ጠርቦት፣ ከመግቢያው በር ላይ ገነነ።

ሃያ ስድስት ዓመት።

ከዚያ፣ ፖርቶ ከሚኖር፣ ቴልሞ ሳራይቫ ከሚባል ልጅ፣
ደብዳቤ መጣ፤ ቃሉ ጨዋ ነው፣ ስህተት አይደብቅም እንጂ፦
«ክብርት ሆይ፣ ከስሌትዎ አንድ መስታወት ጎድሏል፤
እሱ ሲገባበት፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል።»

ወደ ባልደረቦቿ አልሄደችም፤ ወደኔ ወረደች፤
አነበበችልኝና ቆመች።
እኔም ደንግጬ፣ «የቱ መስታወት? ሰበርኩብሽ እንዴ?» አልኳት፤
ሳቀች፤ ሳቋ አልቆም ብሎ፣ ዓይኗን በጓንቴ አስጠረጋት።
ሁለቱን እጆቼን ያዘች፣ መዳፍ ከመዳፍ አጋጥማ፤
ጥቂት አራራቀቻቸው። «በመሃል ምን አለ?» «ምንም!» አልኩ፣ እውነቴን'ማ።

«እሱ ምንም ነው ያመለጠኝ።»

ሌሊቱን ሙሉ አሰላች። ሲነጋ፣ ልጁ ልክ ነበረ።
መልሷ ሁለት ቃል ብቻ፣ ከፊርማዋ በላይ የሰፈረ።

ከዚያ መጋዝ ለመነችኝ። እሑድ፣ ዘበኛው ሳይመጣ፣
መሰላል ያዝኩላት፤ በስድሳ ዓመቷ፣ ያለ ቁጣ፣
ወደ እንጨቱ ግራኝ ወጣች፤ ክንዱን ሦስት ጣት አሳጠረች፤
ብናኙ በኔ ባርኔጣ።

«እጄን የቆረጥኩ መስሎኝ ነበር» አለች ስትወርድ፣ «ቀለለኝ።»
አላመንኳትም። ጣቷ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አየሁኝ።

ጡረታ ስትወጣ ሰባ ውህድ ነበራት፣ ቀጥ ያለ፣ ያልተዛባ፤
ሰው የሚያወራው ግን ስለ መጋዟ ነው፣ ሻይ ቤት በተገባ።
ቁራጯ እንጨት እኔ ጋ ናት፤ የመስኮቴ ሽብልቅ አድርጌያታለሁ፤
ትራሙ ሲያልፍ ትንቀጠቀጣለች።
ማፏጨቴን አቆማለሁ።