አጠፋሁ

አርባ መስመር ነበር፣ ቢበዛ አርባ አንድ፤
ሌላ ሙያ የለው፣ አያውቅ ሌላ መንገድ፦
ስልክ ቁጥር ሲሰጡት ከፊት ጀምሮ ያያል፣
ዜሮ ዘጠኝ ካለ አስር መሙላቱን ይቆጥራል፣
«ልክ ነው» ይላል፣ ወይም «አይደለም» ይላል፣
ይተኛል።

የጻፍኩት አቶቴ ነው፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ከቆርቆሮ ሥር፤
ዝናብ ሲመታው ኮዴን ጮክ ብዬ አነብ ነበር።
መሞከሪያ ቁጥር ፈለግሁ። የኔ ሲም ተዘግቷል።
በቃሌ የማውቀው አንድ ቁጥር ብቻ፦
የእትዬ ባሪሴ፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ መሸጫ፤
«ዛሬም ዱቤ ነው?» ሲሉኝ ድምፃቸው የማይከር፣
ዕዳዬን በካርቶን ክዳን ላይ በከሰል የሚቸከችኩ።
እሳቸውን ጻፍኩ። ለምሳሌ ያህል። ማን ያየዋል ብዬ።
የሞባይል ፓኬጄ ሊያልቅ አስር ደቂቃ ሲቀረው
ይሄኛውን ፓኬጅ የሕዝብ መዝገብ ላይ ሰቀልኩት፤
አንዱ ሞተ፣ አንዱ ተወለደ፣
እኔም ተኛሁ።

ስድስት ዓመት። ሥራ ያዝኩ፣ ጠጉሬ ሳሳ፣ ረሳሁት።
እሱ ግን ሄደ፤ ሰው ለሰው፣ አገር ላገር አቀበሉት፤
የብድር ማመልከቻ ውስጥ ገባ፣ የአውቶቡስ ትኬት ውስጥ፤
ዜሮ ሰባት የመጣ ጊዜ እንኳ
የማላውቀው ሰው ነው የጨመረበት።
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው በላዩ ቤት ሠራ፣
መሠረቱን ቆፍሮ «ማን አለ እዚህ?» ሳይል።
ምሳሌዬንም እንዳለ ገለበጡት፤
በሞከሩት ቁጥር እሳቸው ጋ ይጮኻል።

ባለፈው ቅዳሜ ቆሮሶ ልበላ ወረድኩ ወደ ሐይቁ።
አባ ኮዳዎቹ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ቆመዋል፣
የዓሣ አንጀት ሲወረወር ብቻ ክብራቸውን ይረሳሉ።
እትዬ ባሪሴ ቅርፊት የተለጠፈበት ስልክ ሰጡኝ፦
«አንተ ኮምፒውተር አዋቂ አይደለህ? እስኪ አንብብልኝ፤
ሌሊት ሌሊት ቁጥር የሚልክልኝ ሰው አለ።
አራት አኃዝ፣ አንዳንዴ ስድስት። ሰላምታም የለው።
ሎተሪ መስሎኝ ሁለቴ ቆረጥኩበት፤ አልወጣም።»
አነበብኩ፦ የማረጋገጫ ኮድዎ። የማረጋገጫ ኮድዎ።
ጣቴ ወደ ላይ ቢስብ ቢስብ አያልቅም።
የቆሮሶው አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
አልነገርኳቸውም።

ማታ መዝገቡን ከፈትኩ፣ ላወጣው፣ የገዛ ሥራዬን፤
«ሦስት ቀን ካለፈው አይወጣም» አለኝ፣
«ሌሎች ተደግፈውበታል።»
ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ውስጡ የሰው ስልክ አለ፣
ሰውየዋ እንቅልፍ አጥተዋል አልኩ። በአራተኛው ቀን ፈቀዱ።
«እርግጠኛ ነዎት? ስሙን ጽፈው ያረጋግጡ።»
እኔንም ማረጋገጫ ጠየቀኝ።
ስሙን ጻፍኩ።
አጠፋሁ።

ሲነጋ ኦብሳ ከአዳማ ደወለ፦
«አንተ ሰው ምን አደረግህ? የትኬት ማሽኑ ደንዝዟል፣
ስልክ ቁጥር የሚባል ነገር አላውቅም ይላል፣
መንገደኛው ሻንጣ ታቅፎ መናኸሪያ ፀሐይ ላይ ቆሟል።»
«አጠፋሁ» አልኩት።
«ማጥፋትህንማ አየሁ» አለኝ።
«ይቅርታ እየጠየቅህ ነው ወይስ እየነገርከኝ?»
ቃሉ አንድ ነው፤ ሁለቱም እዚያው ነበሩ፣
እኔም ለይቼ አላውቀው።

ለምሳ ሳይደርስ ቅጂ የነበረው ሰው
በሌላ ስም መልሶ ሰቀለው፤ ያው አርባ መስመር፣
ቁጥራቸውን ግን አውጥቶ።
(እግዜር ይስጠው። ማን እንደሆነ አላውቅም።)
የአዳማ አውቶቡሶች ሞተር አስነሱ።

ዛሬ ወረድኩ። ዕዳ የለብኝም፣
በካርቶን ክዳኑ ላይ ስሜ የለም።
እትዬ ባሪሴ ቢላቸውን በድንጋይ እየሳሉ
«ያ ቁጥር ላኪዬ ጠፋ» አሉኝ፣
«ሳምንት ሆነው። እኔ እንኳ ለምጄው ነበር፤
ሌሊት ስነቃ ሌላም ያልተኛ አለ እያልኩ።
ታሞ ይሆን?»
ዓሣውን ገለበጥኩ። በዚያኛውም ጎን አጥንት ነው።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቃሁ።
ፓኬጅ አልቆብኛል፤ መልእክት ግን በሳንቲም ይሄዳል።
ቁጥራቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ።