ግማሽ ክኒን

በሰሜን ፊንላንድ፣ በታኅሣሥ ጀንበር በማትወጣበት፣
የወረቀት ፋብሪካው ከተዘጋ ሰባት ዓመት ባለፈበት፣
ሰው ገበናውን ለቄስ ነው የሚገልጥ ይላሉ፤
ለእኔ መደርደሪያ ነው፤ መድኃኒት ቤት ይምጡና ያስተውሉ።

ታውኖ የሚሉት ነበር፤ ካፖርቱ የአባቱ፣
ማዘዣ ይዞ ይመጣል፣ ሦስት ነው መድኃኒቱ፦
አንዱ ለደም ግፊቱ፣ አንዱ ለስኳሩ፣
ሦስተኛው ለሌሊቱ፣ ጣራ ለመቁጠሩ።
ዝቅ ብሎ ይጠይቃል፣ ሰው እንዳይሰማበት፦
«የትኛው ቢቀር ነው ቶሎ የማልሞትበት?»

አንድ ቀን በመስኮት አየሁት፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሥር፣
ክኒኗን በጥፍሩ ለሁለት ሲሰነጥር።
ግማሹን ዋጠ። ግማሹን በመሐረብ ቋጠረ።
ሲጋራ ግን ከኪሱ ጠፍቶ አያውቅም ነበረ።
አትፍረዱ። ብርድም፣ ረሃብም፣ ፍርሃትም
በአንድ ጭስ የሚሸኙበት ሌላ ርካሽ ነገር የለም።
ፖስታ ሲመጣ አይከፍት፤ በሩ ሥር ይከምራል፤
«ያልተነበበ ዕዳ» አለኝ፣ «ትንሽ ይተኛል።»

ኋላ ድጎማ መጣ፤ ቅጽ ሳይሞላ፣ ሳይምል፣
በወር መጀመሪያ፣ ዝም ብሎ፣ ሒሳቡ ላይ የሚውል።
ሀብታም አላደረገው። ካፖርቱም ያው ነው።
መጀመሪያ የተለወጠው ምን መሰላችሁ? ድምፁ ነው።
«ሦስቱንም!» አለኝ፣
ወረፋው በሙሉ እየሰማ።

በሁለተኛው ወር እጁን ከአፉ አንስቶ ሳቀ፤
ብሩሽ ገዛና የጥርስ ሐኪሙን ቤት ጠየቀ።
ሲጋራውስ? ቀነሰ እንጂ አልተወም፤
«ሌሊት ስለማልነቃ» አለ፣ «የሌሊቱን የሚያጨሰው የለም።»
በጥር የእንቅልፉን ክኒን መልሶ አመጣ፣
እሽጉ እንዳለ፣ አንዲት ፍሬ ሳትወጣ።
«ጣራ ለሚቆጥር ስጪልኝ።» ሕግ አለ፤ የተመለሰ ይጣላል።
ጣልኩት። ክኒን መጣል እንዲህ ደስ ይላል?

ለሁለት ዓመት ነበር የተባለው። ሞላ።
ትናንት መጣ፣ ፖስታ ይዞ፣
የተከፈተ ፖስታ።
«ያበቃል ይላል» አለኝ። አላለቀሰም።
እኔ ግን ፊቱን ለማየት አልደፈርኩም፤
እጁን አየሁ፤ ጥፍሩን አየሁ፤
ተከርክሟል፣ ክኒን አይሰነጥቅም።

«ዛሬ ሦስቱንም ስጪኝ» አለ።
ሰጠሁት።
በር ላይ ደርሶ ተመለሰና
ብሩሽ ጨመረ።